«ጨርሻለሁ፣ የኔታ»

ደብረ ታቦር ውስጥ የተበላሸ ኮምፒውተር ፈትቶ መልሶ መግጠም የቻለ ሰው «ኢንጂነር» ይባላል። ማዕረጉን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ወረፋ የሚጠብቀው ደንበኛ ነው። አንዴ ከተሰጠ ደግሞ መልሶ የሚወስደው የለም። ባለቤቱም ቢሆን «ኧረ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም» የሚልበት የመጀመሪያው ሰሞን ካለፈው፣ ከዚያ ወዲያ አፉ እሺ አይለውም። ታምራትን ያገኘው ይኸው ነው። ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኮምፒውተር መጠገን ተማረ፤ ከገበያው በላይ መንገድ ዳር ጠባብ ሱቅ ተከራየ፤ ብዙም ሳይቆይ በስሙ የሚጠራው ሰው ጠፋ። የቀሩት ከጎኑ ባለው ሱቅ ስልክ የምትጠግነው ሙናና የልጅነት መምህሩ የኔታ አስረስ ናቸው።

የኔታ አስረስ ከጋፋት ወዲያ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን መዋሥዕት ያስተምራሉ። መዋሥዕት ለሞተ ሰው የሚዜም ነው፤ በቀብር፣ በተዝካር፣ በሙት ዓመት ይባላል። ታምራት ልጅ ሳለ እሳቸው ዘንድ ተምሯል፤ መማር ከተባለ። ድምፁ ያማረ ነበር፤ ቃሉ ግን አይያዝለትም። እናም ተማሪው በኅብረት ሲያዜም፣ የማያውቀው ቦታ ላይ ሲደርስ፣ አፉን ከሰው እኩል እየከፈተ ማንጎራጎር ለመደ። ቃሉን ሌሎቹ ይሉታል፣ እሱ ድምፁን ይሰጣል። ከውጭ ለሚሰማው ልዩነት የለውም። «ይህችን አላውቃትም፣ ይድገሙልኝ» ማለት ነውር አልነበረም፤ ተማሪ ሁሉ ይላታል። እሱ ግን ያችን «አላውቅም» ከአፉ ከሚያወጣ ጥርሱን ቢያወልቁት ይመርጥ ነበር። በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲገባ ዜማውን ረሳው፤ ማንጎራጎሩን ግን ይዞት ሄደ።

የኔታ በስተርጅና አንድ ሥራ ጀምረው ነበር። በየደብሩ ያሉ ያረጁ መምህራን ከየመምህራቸው የተቀበሉት የዜማ አካሄድ አብሯቸው እየተቀበረ አስቸገራቸው። ስለዚህ ተማሪዎቻቸው ወይ ልጆቻቸው በስልክ እየቀዱ በኢሜይል እንዲልኩላቸው አደረጉ። ኔት ሲጠፋ ሲመጣ በከረመበት ጊዜ፣ ባሕር ዳር ያለ በረከት የሚባል የቀድሞ ተማሪያቸው ያገለገለ ላፕቶፕ ሰጣቸውና የኢሜይል ፕሮግራም ጫነበት። ፕሮግራሙ መስመር ባገኘ ጊዜ የመጣውን ሁሉ ወደ ላፕቶፑ ያወርደዋል፤ ከዚያ ወዲያ ኔት ኖረ አልኖረ የኔታ አይገዳቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲወጡ ላፕቶፑን በጋቢያቸው ጠቅልለው ታምራት ሱቅ ይመጣሉ፣ እሱም ከመስመሩ ጋር ያገናኝላቸዋል። ኢንተርኔት ላይ ያለው የመልእክት ሳጥናቸው ቶሎ ቶሎ እየሞላ ስላስቸገረ፣ የወረደው ሁሉ ከዚያ እንዲጠፋ ያደረገው ታምራት ነው። ስለዚህ የእነዚያ ሁሉ ሽማግሌዎች ድምፅ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በጋቢ በተጠቀለለው ላፕቶፕ ውስጥ።

ከሁሉ የሚሳሱለት የአለቃ ባዩን ድምፅ ነው። አለቃ ባዩ የገሳይ ሰው ነበሩ፤ አንዲት የመዋሥዕት ክፍል ሌላው በማያውቀው አካሄድ ከመምህራቸው ተቀብለው፣ ተቀባይ ሳያገኙ አረጁ። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ልጃቸው ሩት በስልኳ ትቀዳቸው ጀመር። ጥቂት ዜማ፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ «ቆይ ልጄ፣ ትንፋሽ ልውሰድ»፣ ከዚያ እንደገና ዜማ። ገሳይ ያለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በራሱ አድራሻ ይልክላታል። የጥምቀት ሰሞን አለቃ አረፉ። ለየኔታ የተዉላቸው ቃል አንድ ነው፤ «በሙት ዓመቴ በእሷ ሸኙኝ»። የኔታም ለሬሳቸው ቃል ገቡ፤ ዓመቱ ሳይደርስ ተምረዋት፣ ተማሪዎቻቸውን አስጠንተው፣ ገሳይ ወርደው ሊያዜሙላቸው።

የኔታ ጆሯቸው ደከም ስላለ በላፕቶፑ ቀጭን ድምፅ ዜማውን አይለዩትም። ስለዚህ ትምህርቱ ታምራት ሱቅ ሆነ። ቅዳሜ ሲመጡ ለሽያጭ ያስቀመጠውን ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይሰካላቸዋል፤ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ ያችኑ ሐረግ ያስደግማሉ። እሳቸው አይቸኩሉም። አንዲቱን ሳያጣጥሙ ወደሚቀጥለው አይሄዱም። ታምራትም፣ የኔታ ላፕቶፑን ትተው ገበያ ደርሰው እስኪመለሱ፣ ድምፅ ማጉያ ሊገዛ የመጣ ሰው ሲኖር የአለቃን ቅጂ ከዚያው ከፍቶ ይሞክርበት ነበር፤ ሳሉ እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማል እያለ።

ዐቢይ ጾም ገብቶ እንደሆነ፣ አንድ ቅዳሜ የኔታ ሌላ ጉዳይ ይዘው መጡ።

«በረከት ደውሎልኝ ነበር» አሉ። «ያ ያስገባህልኝ ዘበኛ አለ አይደል?» አንቲቫይረሱን ዘበኛ ነው የሚሉት። «ዘበኛው የደብዳቤውን ቤት እንዳይፈትሽ አድርጉ አለ። ደብዳቤው ሁሉ ባንድ ጥራዝ ተሰፍቶ ነው አሉ የሚቀመጥ። አንድ ክፉ ደብዳቤ የመጣ እንደሆነ ዘበኛው ያችን ቀድዶ ማውጣት አይችልበትም፤ ጥራዙን እንዳለ ነው የሚወስደው። እና ደግሞ ያ ቤት የተደበቀ ነው አለኝ። ታምራት ፈልጎ ያግኘው፣ ካላገኘው ይደውልልኝ ብሏል።»

«አውቀዋለሁ፣ የኔታ» አለ ታምራት። አያውቀውም ነበር።

ላፕቶፑን ከፈተ። አንቲቫይረሱ ውስጥ ገብቶ ከፍተሻ ውጭ የሚሆኑት ቦታዎች የሚመዘገቡበትን አገኘ፤ እስከዚህ ድረስ እጁ ያውቀዋል። ከዚያ ፎልደሩን ፍለጋ ገባ። የኢሜይል ፕሮግራሙ ስም ያለበት አንድ ፎልደር፣ ፕሮግራም ሁሉ ከሚጫንበት ቦታ፣ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ምንም የተደበቀ ነገር የለውም። ከፍቶ አየው፤ ፕሮግራሙ የሚሠራባቸው ነገሮች አሉ፣ ደብዳቤ የሚመስል ግን የለም። መጠኑም ትንሽ ነው። ያን ያህል ሽማግሌ ከነሳሉ እዚያ ውስጥ እንደማይገባ ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ታምራትም ገብቶታል። ደብዳቤው ያለው ኮምፒውተሩ እንዲሁ በማያሳየው ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው፤ የት እንደሆነና በምን እንደሚገለጥ ግን አያውቅም። ለበረከት መደወል ይችል ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ያለችውን ሙናን «እስቲ ነይ» ማለትም ይችል ነበር።

በሩ ላይ ግን ሰው ቆሟል። አንድ የቢሮ ሠራተኛ ፕሪንተር ታቅፎ ወረፋ ይጠብቃል፤ ከኋላው ሌሎችም አሉ።

«አያስቡ አባታችን» አላቸው ፕሪንተር የታቀፈው ሰው። «ኢንጂነር እጁን ካሳረፈበት አለቀ ማለት ነው።»

የታምራት ጆሮ ጋለ። እንግዲህ አፍን ከፍቶ ማንጎራጎር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ያገኘውን ፎልደር መረጠ፣ ከፍተሻ ውጭ አደረገው፣ ክዳኑን ዘጋ።

«ጨርሻለሁ፣ የኔታ።»

«እርግጥ ነው? ሩት ስልኳ ሞልቶባት፣ እዚያ ያለውን ቅጂ ላጥፋው ወይ እያለች ነው።»

ይህ ጥያቄ ሁለተኛ ዕድል ነበር። ታምራት ፕሪንተሩን ከሰውየው እየተቀበለ «ታጥፋው» አለ። «ከእንግዲህ እሳት ካልበላው በቀር የትም አይሄድም።»

የኔታ ቆመው መረቁት፤ ዕውቀቱን እንዲያበዛለት፣ እጁን እንዲባርክለት። እሱም ጎንበስ ብሎ አሜን አለ።

ግንቦት ላይ የኔታ ገበያ ባልሆነ ቀን መጡ። ከጋፋት ድረስ በእግር እየተቻኮሉ ስለመጡ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል፤ ላፕቶፑን ከጋቢያቸው አወጡት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ሳላጠፋ አልቀረሁም። ትናንት ከፍቼ ደብዳቤ ሳይ ቀይ ነገር መጣብኝ። እሺ በል የሚል መስሎኝ እሺ አልሁት። ከዚያ ወዲያ ሳጥኑ ባዶ ነው። አለቃም የሉበት፣ ማንም የለበት።»

ታምራት ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዙሮ አንቲቫይረሱን ከፈተ። ነገሩ እዚያው ተጽፎ ጠበቀው፤ በአንድ መልእክት ላይ ተባይ ስለተገኘ የገቢ መልእክቱ ፋይል እንዳለ ተነሥቷል። ከሥሩ ፋይሉ የነበረበት ቦታ ተጽፏል፤ ረጅም አድራሻ፣ መሀሉ ላይ ያ ያላገኘው የተደበቀ ፎልደር በስሙ። ከፍተሻ ውጭ ከተደረጉት ተርታ ደግሞ አንድ ብቻ አለ፤ እሱ በየካቲት ወረፋ ጠባቂ ፊት ያስገባው፣ ባዶ ቤት የሚያስጠብቀው። ሁለቱ ባንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ሲታዩ ማንም ሰው፣ በረከት ቢሆን፣ ሙና ብትሆን፣ ማን ምን እንዳደረገ በአንድ እይታ ያውቃል። ፊቱ ነደደ። ከአድራሻው በታች ሌላም የተጻፈ ነገር፣ የሚጫን ነገርም ነበር፤ አላነበበውም። የሚያሳፍር ነገር ሲያይ ሰው እስከ መጨረሻው አያነብም።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ አይደለም?» አሉ የኔታ።

እንዲህ ተዘጋጅቶ የመጣ መልስ ለሰው ሁልጊዜ አይሰጥም። ታምራት አልለመነውም፣ አልፈለገውም፤ ሽማግሌው ራሳቸው አምጥተው እጁ ላይ አስቀመጡለት። ማድረግ ያለበት «አይደሉም» አለማለት ብቻ ነበር።

«እሺ ያሉት ጊዜ ነው የጠፋው» አለ፣ ስክሪኑን እያየ። «ያው፣ ቫይረስ ገብቶበታል። ፎርማት መደረግ አለበት።»

«ድምፁ አይመለስም?»

«አይመለስም፣ የኔታ።»

ፎርማት የሚባል መድኃኒት ባይኖር ኖሮ የታምራትን ዓይነት ሰው ምን ይውጠው ነበር? ኮምፒውተሩን ከነበሽታው ከነጤናው አጥቦ እንደ አዲስ ያደርገዋል፤ ምን ነበር ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። የኔታ በርጩማው ላይ ተቀምጠው እየተመለከቱ፣ ታምራት ያንን ረጅም አድራሻ፣ ያንን የስህተት ፎልደር፣ የቀረውንም ሁሉ አጠበው። ሲጨርስ ላፕቶፑ ንጹሕ ሆነ። የኔታም በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ «አደከምሁህ» ብለውት ወጡ።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋ ተደወለ፤ ባለቤቱ የተላከውን ሁሉ ሳጥኑ ሲሞላበት ጠርጎታል። ሩት ቅጂውን አጥፍታለች። ያም ያለቀለት ነገር ሆነ። የኔታ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም «በእኔ ድንቁርና ጠፋ፣ የማላውቀውን ነካሁ» እያሉ ይናገራሉ። ይህን የሰማ የደብረ ታቦር ሰው ሁሉ ታምራትን ሲያገኘው «ምስኪን፣ እኒያን ሽማግሌ እንዴት ትችላቸዋለህ» ይለዋል። እሱም ፈገግ ይላል። በዚያች ፈገግታው ራሱን ጠላ፤ ፊቱ ግን በለመደው ፈገግ ይላል።

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል እንዳለፈ አንድ መምህር ላፕቶፕ ይዞ ሙና ሱቅ ገባ። ታምራት የተቃጠለ ቻርጀር ሊያሳያት እዚያው ቆሞ ነበር።

«ኢሜይሌ ሁሉ ጠፋ» አለ መምህሩ። «ቀይ ነገር መጣና ሳጥኑ ባዶ ሆነ።»

ሙና እንኳን ልትደነግጥ፣ ማስቲካዋን ማኘኳንም አላቆመች። አንቲቫይረሱን ከፈተች። ታምራት ያችን ገጽ አወቃት፤ ተባዩ፣ ፋይሉ፣ ረጅሙ አድራሻ። ሙና ከአድራሻው በታች ያለውን፣ እሱ ያላነበበውን፣ ተጫነችው። «አይጥለውም እኮ» አለች ለመምህሩ። «ለብቻው ዘግቶ ነው የሚያስቀምጠው። መልስ ስትለው ይመልሳል።» የኢሜይል ፕሮግራሙን ስትከፍተው የመምህሩ መልእክት ሁሉ ተርታውን ይዞ ተሰልፏል። ከዚያ የተደበቁ ፎልደሮች እንዲታዩ አደረገች፤ ትክክለኛውን አግኝታ ከፍተሻ ውጭ አደረገችው፤ መጠኑን አይታ አረጋገጠች። መምህሩ አመስግኖ ሄደ።

«ያንተ የኔታም እንዲሁ ሆኖባቸው አልነበር?» አለች ሙና ወደ ታምራት ዞራ። «እንዴት ሳይመለስላቸው ቀረ?»

ታምራት ቻርጀሩን አገላበጠ።

«ፎርማት አደረግኸው እንዴ?»

ታምራት የቻርጀሩን ገመድ ጠቀለለ።

«ያ ረቢ» አለች ሙና። ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። «ያውቃሉ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት ነው የሚሉት።»

«እሳቸው የሚሉትን ሰምቻለሁ፤ ገበያው ሁሉ ሰምቷል። አንተ ምን አልህ ነው የምልህ።»

«እነግራቸዋለሁ» አለ።

እውነትም ሊነግራቸው ሄደ። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ በጋፋት በኩል ያለውን የእግር መንገድ ይዞ ወጣ። መንገዱን ሁሉ ቃሉን ሲያሰናዳ ነበር፤ «የኔታ፣ ፎልደሩን አላገኘሁትም ነበር» ብሎ ይጀምራል፤ የቀረው በራሱ ይመጣል። ደርሶ ግን የኔታን አላገኛቸውም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብዙነሽ ጓሮ ድንች ሲቆፍሩ አገኛቸው።

«ገሳይ ወርደዋል» አሉት እጃቸውን ከአፈር እያራገፉ። «ሩት ዘንድ። የአለቃ ሙት ዓመት በምን እንደሚሆን ሊመካከሩ። ኧረ ግባ፣ ደጅ አትቁም።»

«አይ፣ እቸኩላለሁ። ደኅና ናቸው?»

«ምን ደኅና! ከዚያ ወዲህ ያን ዕቃ ነክተውት አያውቁም። እየተቀመጡ እጃቸውን ያያሉ። ይህች እጄ ናት ያጠፋችው ይሉኛል። ጾማቸውንም ጨምረዋል፣ ተው ብላቸው አይሰሙኝ። አንተ ግን እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ አንዲት ቀን ተቆጥተሃቸው አታውቅም፤ ሁልጊዜ ያነሡሃል።»

ለእሳቸው መናገር ይችል ነበር። ነገር ግን የመጣሁት ለየኔታ ልናገር ነው ብሎ ለራሱ ሰበብ ሰጠ። ወይዘሮ ብዙነሽም በማዳበሪያ ከረጢት ትኩስ ድንች ሞልተው አሸከሙት፤ «ለሱቅህ፣ ለምሳህ» ብለው። ተሸክሞት ቁልቁል ወረደ። ያፈረው ከረጢቱ ከብዶት አይደለም፤ ሳይናገር መመለሱ ቀልሎት ነው።

ሱቁ ደጃፍ ላይ ሙና ከረጢቱን አየችው።

«ነግረሃቸው ነው ድንቹን የሰጡህ፣ ሳትነግራቸው?»

ታምራት ከረጢቱን አወረደ። ግማሹን ሊያካፍላት ቢፈልግ እሷ አልቀበልም አለች፤ ገብታ በሯን ገርበብ አደረገችው። ድንቹ ጥግ ላይ እንደተቀመጠ ጎነቆለ።

ጥር መጣ። ጥምቀት አልፎ የአለቃ ሙት ዓመት ደረሰ፤ የኔታም «ልጄ ታምራት ካልመጣ ቅር ይለኛል» ብለው ላኩበት። ሌላ ቀን ቢሆን ሥራ በዛብኝ ይል ነበር። ሙና ግን በሩ ላይ ቆማ «ሂድ» አለችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። በሚኒባስ ገሳይ ወረደ።

ጸሎቱ አልቆ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ዛፍ ሥር ተሰብስቧል። የየኔታ ተማሪዎች መቋሚያቸውን ይዘው ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ሩት ነጭ ለብሳ ከሴቶቹ ፊት አለች። ታምራት ከኋላ፣ ከአጥሩ ተጠግቶ ቆመ። የኔታ መሀል ወጡ። በዚያች ዓመት ውስጥ ያረጁት እርጅና ከዚያ በፊት ባለው ሁሉ ያላረጁት ነው።

«ወገኖቼ» አሉ። «አለቃ አደራ ሰጥተውኝ ነበር። በእሷ ሸኙኝ ብለውኝ ነበር። ግማሿን ይዣለሁ፤ ግማሿ የለችም። እኔ ነኝ ያጠፋኋት። የማላውቀውን ዕቃ ነካሁ፤ ዘበኛው ሲጠይቀኝ ሳላነብ እሺ አልሁ። አለቃን በግማሽ ነው የምሸኛቸው። እናንተም ይቅር በሉኝ፣ አንቺም ልጄ ይቅር በይኝ።»

ይህን ብለው መቋሚያቸውን ለተማሪ ሰጡና ሩት እግር ላይ ጎንበስ አሉ። እኒያ የሚፈሩት መምህር፣ እኒያ ተማሪ ሁሉ ጥላቸውን እንኳ የማይረግጥባቸው ሰው፣ ጉልበታቸው አፈር ነካ። ሩት ጮኻ «ኧረ አይሁን አባቴ፣ ኧረ ይነሡ!» እያለች ክንዳቸውን ይዛ አነሣቻቸው። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። ታምራት መሬቱን ያይ ነበር። «አሁን ተናገር» አለ ለራሱ፤ እግሩ አልተነሣም።

የኔታ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሰዉን ሲያዩ ቆዩ፤ ዓይናቸው አጥሩ ጋ ደረሰ።

«ታምራት!» አሉ፣ ፊታቸው ትንሽ በርቶ። «ልጄ፣ አንተ ሱቅህ ውስጥ ሰምተሃታል። ድምፅ ማጉያውን ስትሞክር ኋለኛዋን ግማሽም ስትከፍታት ሰምቼሃለሁ። ትዝ የምትልህ ካለች እስቲ በላት። ድሮም ድምፅህ ያማረ ነበር።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። መንገድ ተከፈተለት። መሀል ገብቶ ቆመ፤ ከየኔታ ፊት፣ ከሩት ፊት። አፉን ከፈተ፤ የመጀመሪያዋ ሐረግ መጣችለት። እውነትም መጣች፤ ከነአካሄዷ፣ አለቃ ትንፋሽ በወሰዱበት ቦታ እሱም ትንፋሽ ወሰደ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ቃሉ አለቀበት። አለቃ ሲያዜሙ እሱ ስለ ድምፅ ማጉያው ዋጋ ሲከራከር ነበርና ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማም። ግን አፉ ከልጅነቱ የለመደውን አልረሳም፤ ቃል የሌለው እንጉርጉሮ ይዞ ቀጠለ።

ልዩነቱ፣ ዛሬ አብሮት የሚያዜም አልነበረም። ቃሉን የሚልለት ሰው የለም። እንጉርጉሮው ብቻውን በግቢው ውስጥ ተሰማ፤ ራቁቱን የቆመ ያህል ተሰማው፤ ሕፃናት እንኳ የሆነ ነገር ትክክል እንዳልሆነ ገብቷቸው ቀና ብለው አዩት። የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ።

ታምራት አቆመ።

«አላውቀውም» አለ።

ቃሏ እንደወጣች ሌላው ሁሉ ተከትሏት ወጣ። «አላውቀውም፣ የኔታ። ያን ጊዜም አላውቀውም ነበር። በረከት ያለውን ፎልደር አላገኘሁትም፤ ሌላ ፎልደር አስገብቼ ጨርሻለሁ አልሁዎ። ሩትንም ታጥፋው ያልሁ እኔ ነኝ። እሺ ማለትዎ ምንም አላደረገም። ድምፁ እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ነበር፤ አንዲት ነገር ብጫን ይመለስ ነበር። ሥራዬ እንዳይታይብኝ ብዬ ፎርማት አደረግሁት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሩት ናት የጠየቀችው፤ ሳትጮኽ፣ ማወቅ እንደምትፈልግ ሰው።

«ታዲያ እግሬ ላይ እስኪወድቁ ለምን ጠበቅህ?»

ታምራት ወረፋውን፣ ፕሪንተሩን፣ ኢንጂነር መባሉን ሊያነሣ ቃጣውና ተወው። ዕንባው በራሱ ወረደ፤ በእጁ ሊያብሰው አፈረ።

የኔታ እጃቸውን አነሡና መዳፋቸውን አዩት፤ ከዚያ ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡት። አልተቆጡም፣ አላጽናኑትምም። የተናገሩት ትምህርት ቤት ሳሉ ተማሪ ሁሉ ቀለሙ ሲጠፋበት የሚጠይቁትን ጥያቄ ነው።

«ከየት ላይ ነው የጠፋብህ?»

ታምራት የመጨረሻዋን ቃል ነገራቸው።

«እስከዚያች ያለውን ድገምልኝ። ይህችን እኔም አላውቃትም ነበር።»

ደገመላቸው። ሦስተኛም አስደገሙት፤ ተማሪዎቹም ከአፉ ተቀበሏት። የአለቃ ባዩ ኋለኛው ክፍል ከሰው ዘንድ የተረፈው ያው ነበር፤ አንዲት ሐረግ። የኔታ መቋሚያቸውን ተቀብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ታምራትን ግን ና አላሉትም፣ ሂድም አላሉትም።

መዋሥዕቱ ተጀመረ። የኔታ የተማሯትን ግማሽ፣ ከነሙሉ አካሄዷ፣ ግራና ቀኝ እየተቀባበሉ አዜሙ። ያች የታምራት ሐረግ ተከተለች። እሱም ካለበት ቆሞ ከነሱ ጋር አላት፤ ያችን ያውቃታል። ከዚያ ሐረጓ ካለቀችበት ላይ ሁሉም ባንድነት አቆሙ፤ ዜማው ወደ ላይ ተነሥቶ ሳይወርድ ቀረ። ሳያውቅ የቀጠለ የለም። ሩት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ታምራት ከንፈሩን ገጥሞ፣ አለቃ ያዜሙትን፣ አሁን የሌለውን ቀሪ ሁሉ፣ ከዝምታው ውስጥ ሰማው።